ሁሉን ቻይ

ዕቁብ የደረሰው ሰው ፒያሳን ብቻውን መሻገር የለበትም። ይህን የመከረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ ይህን ወግ አልጽፍም ነበር።

የደሴ ፒያሳ ብር ያሸታል። ወር በገባ በሃያኛው ቀን ሳልፍ ቀና ብሎ የማያየኝ ነጋዴ ሁሉ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ዓይኑን ገልጦ ጠበቀኝ። አንዱ ወጣት ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ «መምህር! ገባ ይበሉ እንጂ! መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ማየት በነፃ ነው» አለኝ። መምህርነቴን በምን እንዳወቀ በኋላ ብጠይቀው «በጫማዎ» አለኝ።

ማየት በነፃ ነው የተባለው ነገር ከጁስ መፍጫዎቹና ከካውያዎቹ ከፍ ብሎ፣ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎለት ለብቻው ተቀምጧል። ሆዱ እንደ ጆግ፣ ግርጌው እንደ ሚዛን፣ ፊቱ እንደ ስልክ። ልጁ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረልኝ። «ይከትፋል፣ ይፈጫል፣ ያቦካል፣ ይመዝናል፣ ያማስላል፣ ያበስላል፣ በእንፋሎት ይቀቅላል፣ ይመታል፣ ያሞቃል፤ ሲጨርስ ደግሞ ራሱን ያጥባል።» አንዱ እጁ አልቆ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር የእኔም ልብ አብሮት ተሻገረ። «ባጭሩ ሁሉን ይችላል። በጣም ከሠራ ደግሞ እንዳይቃጠል ሲግል ራሱን ያጠፋል፤ የአንድ ዓመት ዋስትናም አለው። ወላሂ መምህር፣ ያለዚህ ዕቃ እስካሁን እንዴት እንደኖርን አላውቅም!» እሱ ግን የኖረበት መንገድ ከጠረጴዛው ሥር ይታይ ነበር፤ ከቤት የተላከለት የምሳ ዕቃ ነው። ሽሮ መሆኑን ሽታው ያሳብቃል።

ዋጋው 85 ሺህ ብር ነው። የእኔ ዕቁብ ደግሞ 90 ሺህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔና ከባለቤቴ ደመወዝ እየተቆነጠረ የተጠራቀመ ነው። አንዳንድ ቁጥሮች እንደ ተጫጩ ሰዎች ከሩቅ ይፈላለጋሉ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ወጥ ቤት የምገባው ውኃ ልጠጣ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቅዳሜ ለወጥ ቤት ዕቃ 85 ሺህ ብር ለማውጣት ከእኔ በላይ የተዘጋጀ ሰው ደሴ ውስጥ አልነበረም። «ለባለቤቴ ነው» አልኩ ለራሴ። ይህች ቃል ተአምረኛ ናት፤ ለራስ ቢሆን ዝርክርክነት የሚባለውን ወጪ ወደ ፍቅር ትለውጠዋለች።

እንደ እውነቱ ከሆነ ፒያሳ በዕቃ ስትፈትነን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ስሟ ራሱ ከውጭ የመጣ ዕቃ ነው። ጣሊያን ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴ ገብቶ አምስት ዓመት ተቀመጠና ሲሄድ አደባባዩን በቋንቋው እንደጠራን ትቶን ሄደ። ማኪያቶውንም፣ ፓስታውንም፣ ፉርኖ ዱቄቱንም የለመድነው ከዚያ ወገን ነው። ያ እንፋሎት የሚተፋው የቡና ማሽን ካፌ ውስጥ ሲገተር ያዩ አባቶች የጀበና ነገር አበቃለት ብለው ይሆናል። ዛሬ በዚያው ፒያሳ ዞር ዞር በሉ፤ ማሽኑ ከውስጥ ያፏጫል፣ ከደጁ በረንዳ ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ ረከቦቷን ዘርግታ በጀበና ትቀዳለች። ጠጪው እሷ ጋ ይበዛል። እንግዲህ ዕቃ ገባ ማለት ዕቃ ወጣ ማለት አይደለም።

ይህን ፍልስፍና ያኔ አላሰብኩትም። ያኔ ያሰብኩት «ነገ ከሰዓት ብሩን ይዤ እመጣለሁ» ማለትን ብቻ ነው። አልኩትም።

እሑድ ቡና ላይ ጉዳዩን ለቤተ ሰብ አቀረብኩ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ አማቴ ከመከዳቸው ተደግፈው ይመርቃሉ። ጎረቤታችንም አለች፤ ከእኛ ቤት ቡና ቀርታ አታውቅም፣ እኛም ከእሷ ቤት። የሷ ቤት ዒድና መውሊድ ያከብራል፣ የኛ ቤት ገናና ፋሲካ፤ ሁለታችንም አራቱን እንበላለን።

በአቦል ላይ የማሽኑን ሙያ እንደ ልጁ ጣቴን እያጠፍኩ ዘረዘርኩ።

«ምን አልከኝ ልጄ?» አሉ አማቴ። «ሁሉን ይችላል?»

«አዎ እማማ።»

«ሁሉን ቻይስ አንዱ ነው፤ እሱም ወጥ ሲሠራ አልሰማሁም።»

ማሽን ጠል እንዳልመስላቸው ብለው ነው መሰለኝ የወፍጮን ነገር አነሡ። ልጅ ሳሉ ሌሊት በዶሮ ጩኸት ተነሥተው ከድንጋይ ወፍጮ ላይ ተደፍተው እህል ይፈጩ ነበር። ጉልበታቸው ዛሬም ክረምት ሲገባ ያንን ወፍጮ ያስታውሳቸዋል። «የሞተር ወፍጮ ሲመጣ እልል ብዬ ተቀብያለሁ። ያ ማሽን አንድ ነገር ነው የሚያውቀው፤ እሱንም ጠንቅቆ። ይሄ ያንተው ግን ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ ሊወጣ ነው።»

በቶና ጎረቤታችን አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «ማብሰያው ስንት ነው?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?»

ዝም አልን። ወሎ ውስጥ ላላደገ ሰው ይህ ዝምታ አይገባውም። የባለቤቴን ወጥ ቤት ልግለጥላችሁ። ላይኛው መደርደሪያ የጾም ድስቶች፤ ቅቤ አይነካቸውም። ታችኛው የፍስክ። ከበሩ ኋላ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው የተሰቀሉት ሁለት ድስቶችና አንድ መክተፊያ ደግሞ የጎረቤቶቻችን ናቸው፤ የእኛ ሥጋ ነክቷቸው አያውቅም። በግ ስናርድ እነሱ የራሳቸውን ሰው አምጥተው ያርዳሉ፣ በእነዚያ ድስቶች ይሠራሉ፣ ከእኛው ሳሎን ይበላሉ። እነሱም ቤት ለእኛ እንዲሁ አለ። በአገራችን አብሮ መብላት በልብ ብቻ አይሆንም፤ ተጨማሪ ድስት ይጠይቃል።

ከፒያሳ ብዙም የማይርቀውን የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ አሰብኩ። አይጠየፍ የተባለው ሀብታም ከደሀ፣ ክርስቲያን ከሙስሊም ሳይለይ ስለሚያስተናግድ ነው ይባላል። አዳራሹ አንድ ነው፤ ግብሩ ግን በአንድ ድስት የሚወጣ አልነበረም። የፒያሳው ማሽን ግን አንድ ማብሰያ፣ አንድ ምላጭ ይዞ መጥቷል። ኦርቶዶክሱ ምእመን ደግሞ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። እንግዲህ ወይ ማሽኑም ግማሽ ዓመት ይጾማል፣ ወይ ለጾም አንድ፣ ለፍስክ አንድ፣ ለጎረቤት አንድ ብዬ ሦስት እገዛለሁ። ሦስት ጊዜ 85 ሺህ በቃሌ አሰላሁና ቶናው መረረኝ።

በበረካ ልጄ ከስልኳ ላይ ቀና አለች። «አባዬ፣ ይሄ ቅጂው ነው። ዋናው ጀርመን ነው ያለው።»

እውነቷን ነው። የዚህ ዘር ሁሉ አያት ቴርሞሚክስ ይባላል። ፎርቨርክ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ፣ እሱ ራሱ በ1883 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ የመጀመሪያውን በ1971 እ.ኤ.አ. አወጣው። አሳቡ ቀላል ነበር፤ አትክልቱን እየፈጨ እዚያው የሚያበስል አንድ ዕቃ። ሾርባ ለሚበላ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? አሁን አሁን የምግብ አሠራሩን ከኢንተርኔት አውርዶ ደረጃ በደረጃ ያዛል፤ ዋጋውም ከ1,000 ዩሮ አልፏል። ኩባንያው ብልህ ነው፤ በዋናነት የሚሸጠው ሻጭ ቤት ድረስ ልኮ፣ እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ አብስሎ በማሳየት ነው። የፒያሳው ልጅ ግን ጣቱን ብቻ ነው ያሳየኝ።

ባለቤቴ ይህ ሁሉ ሲሆን አልተናገረችም። እሷም እንደኔ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውላ የምትመጣ ናት፤ እሑድን የምታውቀው በጀበና ነው። በረካውን ቀድታ ስትጨርስ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አኖረችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እንጀራ ይጋግራል?»

ሰኞ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ብሩን ሳይሆን ጥያቄውን ይዤ። ልጁ ከልቡ ሳቀ። «እንጀራ? አይ መምህር! እንጀራማ ይገዛል!»

እኔ ፊዚክስ ነው የማስተምረው። አልጋግርም ያለውን ማሽን በሙያዬ ልመረምረው ፈለግኩ። የጀርመኑ ማሽን ማብሰያ የሚይዘው 2.2 ሊትር ነው። አንድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ታቁላላለች። ስለዚህ የፋሲካ ዕለት ወይ ዶሮዋ ትገባለች ወይ ሽንኩርቱ። የእንጀራ ምጣድ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ማብሰያ ውስጥ የሚጋገር እንጀራ ለቁርባን እንጂ ለምሳ አይሆንም። ሙቀቱም አይደርስም፤ ምጣድ እንጀራን ዓይን የሚያስወጣው 200 ዲግሪ አካባቢ ሲግል ነው፣ ማሽኑ ግን ብዙውን ሥራውን የሚሠራው ከዚያ ግማሽ ላይ ሆኖ ነው። አሜሪካ ያለችው የባለቤቴ እህት እንኳ ሁሉም ዓይነት ማሽን ባለበት አገር እንጀራ የምትጋግረው የኖርዌይ ስደተኞች ለፍሳ ለሚሉት ቂጣቸው በሚጠቀሙበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ነው። ብዙ የአገሯ ልጆችም እንደሷ። ሰው እንጀራ ሲርበው ሁለገብ ማሽን አይፈልግም፤ ምጣድ የሚመስል ነገር ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ አውቄም ልቤ አልተመለሰም። ሰው አንዴ ሊገዛ ከቆረጠ ማስረጃ የሚሰበስበው ሊፈርድ አይደለም፤ ይግባኝ ሊል ነው። «እንጀራውን ተዉት፣ ሌላውን ይሥራ» ብዬ ደብተር ገዛሁና በየገጹ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፤ የሥራው ዓይነት፣ የፈጀው ደቂቃ፣ ማሽኑ ይሠራዋል ወይስ አይሠራውም። አንድ ሳምንት ወጥ ቤት በር ላይ ወንበር አኑሬ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ መጀመሪያ ታምሜ መሰላት።

ምስር መልቀም፣ 15 ደቂቃ፤ ማሽኑ ጠጠር አይለይም፣ ከነጠጠሩ ይፈጫል። ቧንቧ በመጣ ሌሊት በርሜልና ጀሪካን መሙላት፣ 50 ደቂቃ፤ ማሽኑ ተኝቷል። ሊጥ ማቡካት፣ ከሁለት ቀን በኋላ አብሲት ጥዶ መልሶ መበጥበጥ፤ ማሽኑ ያቦካል፣ ግን የእኛን ቡሃቃ አይችለውም። ቡና መቁላት፤ አይሞክረውም። ዕቃ ማጠብ፤ «ራሱን ያጥባል» ነው የተባለው፣ ሳህኑን አላለም። ቁሌት ማማሰል፣ አንድ ሰዓት ተኩል፤ እዚህ ላይ ማሽኑ ነገሠ፤ በትልቁ «ይሠራዋል!» ብዬ ጻፍኩ። ሽንኩርት መክተፍ፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ፤ ይሠራዋል!

ሽንኩርቱን ረቡዕ ዕለት «ለሳይንስ» ብዬ እኔው ያዝኩት። ሽንኩርት ሲቆረጥ ከሴሉ የሚወጣው ጋዝ ዓይን ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ እንደ አሲድ እንደሚሆን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ለካ ከአንጀት ባይሆንም አይገድም። አማቴ አልፈው ሲሄዱ አይተውኝ «ምነው፣ ዕቁቡ ጠፋ እንዴ?» አሉ።

ቅዳሜ እንጀራ ተጋገረ። ሃያ አምስት እንጀራ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከጎረቤታችን ሴት ልጅ ጠይቄ የነሱን አወቅኩ፤ ያው መጠን ለሁለት ሰዓት የቀረበ። ደብተሬ ላይ በትንሹ «ባለቤቴ ትንሽ ዘገም ትላለች» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ገጽ ዛሬ ደብተሩ ውስጥ የለም።

እሑድ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የኮሌጅ ጓደኛዬ እዚያ ፋብሪካ ይሠራል፤ ያንኑ የመሰለ ማሽን ገዝቷል ሲባል ሰምቼ ነበር። ሚኒባሱ ዶሮ መዝለያን ሲጠመዘዝ ጆሮዬ ጧ አለ፤ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ካፖርቴን ገና መንገድ ላይ አወለቅኩ።

ማሽኑ ወጥ ቤት አልነበረም። ሳሎን ቡፌ ላይ ነበር። በግራው የሠርግ ፎቶ፣ በቀኙ የፕላስቲክ አበባ፣ በራሱ ላይ ዳር ዳሩ የተጠለፈ ነጭ ዳንቴል። የሙሽራ እንጂ የማብሰያ ወግ አልነበረውም። ጓደኛዬ ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ፣ ሕፃን የሚገልጥ ይመስል ቀስ ብሎ ገለጠው።

«ትጠቀሙበታላችሁ?» አልኩ።

«ለሰርፕራይዝ እንግዳ» አለ። ሚስቱ ከወጥ ቤት ሳቋ ተሰማኝ።

ለእኔ ክብር ሽሮ ይሠራበት ተባለ። ተሰካ፤ አበራ፤ ዘፈነ። ማሽኑ ውኃው 100 ዲግሪ ሲደርስ ቆጠራውን እጀምራለሁ አለ። ውኃው ተንተከተከ። መስኮቱ 94 ይላል። ይበልጥ ተንተከተከ፤ 94። ጓደኛዬ «አሁን ይደርሳል» አለ። እኔ ግን ገባኝ። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ጫና ይቀንሳል፤ ውኃም ቀድሞ ይፈላል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ የሚፈላው 94 ላይ ነው፤ 2,500 ሜትር ላይ ባለችው ደሴ 92 አካባቢ። ውኃው እስካለ ድረስ መቶ አይደርስም። ማሽኑ በባሕር ዳርቻ ሕግ ተምሮ መጥቶ፣ የወሎ ውኃ ከሕጉ አልገጥም ብሎት፣ የማይመጣ መቶን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት መብራት ጠፋ።

«ኑ፣ ምሳ ቀርቧል» አለች ሚስትየዋ። ሽሮውን እኛ ማሽን ከበን ሳለን በከሰል ሠርታው ነበር። ላቀች ምድጃ ላይ። አንድ ነገር ለላቀች ልመስክርላት። ያቺ ቆርቆሮ ለብሳ ውስጧ ሸክላ የሆነች ትንሽ የከሰል ምድጃ ከተራው ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ታድናለች። እንጨት ለሚያነድ የተሠራው ምርጥ ምድጃ ደግሞ ምጣዱን ዙሪያውን አቅፎ ከሦስት ጉልቻው እሳት እስከ ግማሽ እንጨት ይቆጥባል። ሁለቱንም ያሰቡ ሰዎች የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህች ሴት የምትለፋው ምኑ ላይ ነው?» ላቀች ሁሉን እችላለሁ ብላ አታውቅም። ስሟም ቢሆን የሰው ስም ነው፤ ቤት ትገባለች እንጂ ቡፌ ላይ አትወጣም።

ሌማቱ ሲከፈት እንጀራው ላይ ዓይኔ ቀረ። ከዳር እስከ ዳር እኩል ዓይን አውጥቷል፤ አንድ ወገኑ እንኳ አልፈዘዘም።

«ምን ዓይነት ጤፍ ነው? የኛ ቤት እንጀራ ሁሌም ግማሹ ፈዛዛ ነው። የባለቤቴ እጅ እንደዚያ ነው» አልኩ። እንደ ጥሩ ባል በይቅር ባይነት መንፈስ ነበር የተናገርኩት።

ሴትየዋ ጉርሻዋን ይዛ አየችኝ። «መምህር፣ የምን እጅ? ምጣዳችሁ ሬዚስታንሱ ሄዷል። አንደኛው ሽቦ ተቃጥሏል ማለት ነው።»

ሽቅብ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ቃል አልወጣኝም። ስንት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ ሬዚስታንስ ሳስተምር ኖሬያለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሆዱ ሸክላ ነው፤ ከሥሩ በተቦረቦረው መስመር ሽቦ ተጠምጥሞ ይተኛል፣ በላዩ ይመረጋል። የእኛ ሁለት ሽቦ አለው፤ ሁለቱም ጎን ለጎን፣ በትይዩ። አንዱ ሲቃጠል ሌላው ብቻውን ይሠራል። ከ3,500 ዋት ግማሹ ይቀራል፤ ምጣዱ በአንድ ወገን ይግላል፣ በሌላው ለብ ይላል። ጋጋሪዋ ትጠብቃለች። ማትሪክ ላይ ቢመጣ ልጆቼ ሁሉ ይመልሱታል። እኔ መልሱን በቀን ሦስት ጊዜ ስበላው ኖሬ ጥያቄው አልታየኝም።

ማታ ባለቤቴ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ምጣዱ አንዱ ሽቦ ሄዷል» አልኳት፣ ግኝት እንደሚያበሥር ሰው።

«ዓመት ከመንፈቁ» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አራት ጊዜ ነግሬሃለሁ። በአራተኛው ‹ቅዳሜ አየዋለሁ› አልከኝ። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልጠየቅኩህም።»

ሰው ሲረታ ወደ ሙገሳ ይሸሻል። «ለነገሩ» አልኩ፣ «የዚህ ቤት ሁለገብ ማሽን አንቺ ሳለሽ እኔ ምን ፍለጋ ፒያሳ ሄድኩ?»

እጥፉን አቁማ አየችኝ። «ማሽኑ ሲግል ራሱን ያጠፋል አላልከንም?»

«ብያለሁ።»

«የአንድ ዓመት ዋስትናም አለው።»

«አለው።»

«እንግዲያው ስታመሰግነኝ ከእሱ አታሳንሰኝ።»

ደብተሩን አመጣሁና አብረን አየነው። ከሳምንቱ ሥራ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ የሚያነሣላት ሁለት ነገር ነው፤ ሽንኩርትና ማማሰል። ከሁሉ የሚከብዳት ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ዕቁቡ ከደረሰ ስምንት ቀን ሆኖት፣ ይህን ጥያቄ የጠየቅኳት ያኔ ገና መጀመሪያ ነው። ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደባትም፤ «የቅዳሜው ምጣድ» አለች።

በማግስቱ ምጣዱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ባጃጅ ውስጥ ታቅፌው ወረድኩ። ሠሪው ከፒያሳ ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ይሠራል፤ ገልብጦ አየና «ይሄን ያህል ጊዜ በአንድ ሽቦ? ጋጋሪዋ ትዕግሥተኛ ናት» አለ። «ባለቤቷ ፊዚክስ አስተማሪ ነው» ማለት አሳፍሮኝ «አዎ» ብቻ አልኩ። አዲስ ሽቦ፣ አዲስ ምርጊት፣ አንድ ከሰዓት። የከፈልኩት ከማሽኑ ዋጋ አንድ ሃምሳኛውን እንኳ አልሞላም። ስመለስ መንገድ ላይ ገመዱ ሲሳብ ምላጩ የሚሽከረከር የፕላስቲክ ሽንኩርት መክተፊያ ገዛሁ። መብራት አይፈልግ፣ መቶ ዲግሪ አይጠብቅ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገመዱን የምስበው እኔ ነኝ። ማማሰሉንም በደብተሩ ማስረጃነት ግማሽ ግማሽ ተካፍለናል።

የሱቁ ልጅ አሁንም ሳልፍ ይጠራኛል። «መምህር! ሰማንያ ሆኗል! አብሽር፣ ለእርስዎ እንነጋገራለን!» ቆም ብዬ ማሽኑን አየዋለሁ። አይጠላም። ሾርባ ለሚወድ፣ ድስቱ አንድ ለሆነ፣ በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ከልቤ እመክረዋለሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሃያ አምስቱ እንጀራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። አማቴ የመጀመሪያውን ከሰፌዱ ላይ አንሥተው ለብርሃን ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ከዳር እስከ ዳር ዓይን ነው። «ይኼ ነው ሁሉን ቻይ» አሉ። ባለቤቴ ምጣዱን በአክንባሎ ደፍታ እጇን ጠረገችና ቀሪውን የዕቁብ ብር እንዳስረክባት ጠየቀችኝ። ቆጥሬ ሰጠኋት። ምን ልትገዛበት እንዳሰበች ብጠይቃት ብሩን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችውና

«ቅዳሜ እነግርሃለሁ» አለችኝ።